መዳፍ የሚከፈትበት መታጠፊያ

ኑርሁሴን ልጅ ሳለ የላንድክሩዘሩን መሪ የሚያዞረው አባቱ ብቻ አይመስለውም ነበር። አባቱ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከኮምቦልቻ ጨርቅ ጭነው ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ መሪውን እስከ ጥጉ ይጠመዝዙና መታጠፊያው ሊያልቅ ሲል ሁለት መዳፋቸውን ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ከፈት ያደርጋሉ። ያኔ መሪው ማንም ሳይገፋው በመዳፋቸው ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መኪናዋ ቀጥ ትላለች። መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ጉሙ መስታወቱን ሲልሰው እያየ፣ እዚያ ውስጥ አንድ መላኢካ ቁጭ ብሎ መሪውን በጣቱ ጫፍ የሚመልሰው ይመስለው ነበር።

ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አላገባም፤ ብዙም አያወራም። ስልኩ ላይ በረሃ የሚያቋርጡ ረጃጅም መኪኖች ሲያይ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። የአባቱን መኪና ከፍ የማድረግ ሐሳብ የመጣለትም ከዚያው ነው። በእርግጥ ሰበብ አላጣም፤ ወደ ገጠር ገበያ በሚወስደው መንገድ ድንጋዩ ሆዷን ይፍቃት ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ በራሱ እጅ አውጥቶ ከፍ ያለ አስገባላት፤ ትልልቅ ጎማም አሰረላት። ጠዋት ላይ ደጅ ቆማ ሲያያት ጉም ላይ የምትራመድ መሰለችው።

በሳምንቱ ሐጂ ይዘዋት ወጡ። ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ከፈቱ። መሪው አልተመለሰም። መኪናዋ እንደታጠፈች ወደ ገደሉ ጥግ ስትነጉድ በስንት መከራ ነጥቀው መለሷት። ቤት ገብተው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና እጃቸውን እያገላበጡ አዩት።

«እጄ አለቀ፣ ኑርዬ።»

«አብሽሩ አባዬ፤ ዕድሜ ነው» አላቸው። ማጽናናቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሰኞ ገበያ ካለው ሱቃቸው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ቀብረው ይውላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ቀጥ አድርገው ሲቀድዱ የኖሩት ሰው፣ ሴት ልጃቸውን ሂንድን «አንቺ ቅደጂው፤ እኔ አጣምመዋለሁ» ይሏታል። ደንበኛ ፊት ነው የሚሉት። ኑርሁሴን ይህን በሰማ ቁጥር ያቺ «ዕድሜ ነው» ያላት ቃል ትዝ ትለዋለች።

እሱ ራሱ ሲነዳ መሪው ሰነፍ ሆኖበት ነበር፤ ግን የትልልቅ ጎማ ጸባይ ነው ብሎ አልፎታል። እውነቱን ያገኘው በሦስተኛው ሳምንት፣ እዚያው ስልኩ ላይ ነው። መኪና ከፍ ሲል ሁለቱን የፊት ጎማ የሚያያይዘው አክስል ወደ ፊት ይጎነብሳል፤ አክስሉ ሲጎነብስ ጎማው ወደ ቀጥታው መመለሱን ይረሳል። መድኃኒቱ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ኑርሁሴን ለአባቱ ምንም አልተነፈሰም። አስተካክዬ ነው የምነግራቸው አለ። ቶርኖ ቤት ሁለት ሽብልቅ አስቆርጦ፣ ስልኩ ላይ ያየው ሰው እንዳሳየው፣ ወፍራሙን ጎን ወደ ኋላ አድርጎ አስገባ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ጨርቅ ሊረከቡ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ኑርሁሴንም ሲመለሱ በራሳቸው መኪና ላስነዳቸው ብሎ ተከተላቸው። ግን ከደሴ እንደወጣ መኪናዋ ከበፊቱ ብሳ አገኛት። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ እንደ እንቅልፋም ሰው ታዘነብላለች። ሐረጎን መሪውን አንቆ በእግር ፍጥነት ወረደው። ጉሙን ጨርሶ የኮምቦልቻ ሙቀት ፊቱን ሲነካው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ወንድምአገኘሁ ጋራዥ ነዳት፤ የአባቱ የዱሮ መካኒክ ነው። መኪናዋ ሥር ገብቶ ሲወጣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ኧረ በእመብርሃን! ይኼን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት ተምረህ?»

«ስልክ ላይ።»

«እንግዲያስ ስልኩን አምጣውና እሱን ልጠግንልህ።» ሳቀና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ስማ፣ ያየኸው መኪና ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው። ያንተ ከአክስሉ በታች ነው። ሽብልቁን እንደዚያው ስታስገባው፣ የጎነበሰውን ይባስ አስጎነበስከው። የብስክሌት የፊት ሹካ አይተሃል? ላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። እጅህን ብትለቀው እንኳ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ለዚያ ነው። ለነገሩ እናንተ ደሴዎች ብስክሌት የት ታውቃላችሁ፣ ዳገት ላይ ተወልዳችሁ!»

በክሪክ አነሷት። ብሎኖቹን አላልተው ሽብልቆቹን አዞሯቸው፤ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት ሆነ፣ አክስሉም ትከሻውን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። ጋሽ ወንድምአገኘሁ የመሪውን ዘንግ ለክቶ አስተካከለና «ከሥር የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ተመለስ» አለው።

ኑርሁሴን ሜዳው መንገድ ላይ አንዴ አጠፋትና መዳፉን ከፈተ። መሪው መጣ። እየተንሸራተተ፣ መዳፉን እያሻሸ፣ ወደ ቦታው ገባ። ልቡ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ትንሽ ከፋው። መላኢካው ለካ ጋደል ያለ ብረት ኖሯል።

ሐጂ መናኸሪያው በር ላይ ጥቅላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሚኒባስ ይጠብቁ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ወደ ተሳፋሪው በር ሄዱ።

«በዚህ በኩል፣ አባዬ» አለ መሪው ያለበትን በር ከፍቶ።

«አልነካትም ብያለሁ።»

«አባዬ፣ ዕድሜ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ከፍ ሳደርጋት የፊት አክስሏን አዛባሁት። እጅዎ ምንም አልሆነም።»

ሐጂ ከተሳፋሪው በር ወደ እሱ ዞሩ።

«ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሳምንት።»

«ሳምንት ሙሉ እጄን ስደብቅ እያየህ?»

«ላስተካክላት ብዬ... አፍሬም።»

«ወላሂ፣ ክሪክ ላይ መቆም የነበረብህስ አንተ ነህ!» አሉና እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ዘረጉለት። «ቁልፉን አምጣ።»

በመጀመሪያው መታጠፊያ መሪውን ጨብጠው አለፉ። በሁለተኛውም። ኑርሁሴን መንገዱን ትቶ የእጃቸውን ጅማት ያያል። ሦስተኛው ላይ እስከ ጥጉ ጠመዘዙና፣ ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው፣ መዳፋቸውን ከፈቱ። መሪው ተመለሰ። ከንፈራቸው እንደ ዱሮው ተንቀሳቀሰ።

«ትንሽ ትዘገያለች» አሉ።

«ጎማው ትልቅ ሆኖ ነው።»

«ትዘግይ። እኔስ የት እቸኩላለሁ።»

ጉሙ ከላይ ወደ እነሱ ይወርድ ነበር። በቀኝ በኩል፣ ሠላሳ ዓመት የመንገዱን ጠርዝ የከለለው ግንብ፣ መኪናዋ ከፍ ስላለች፣ አሁን ከዓይናቸው በታች ሆኗል። ሐጂ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

«እዚያ ታች ቤት አለ እንዴ?»

«ዱሮም ነበረ፣ አባዬ።»

«ለእኔ እኮ ገደል ብቻ ነበር።» አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። አንዱ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተሰጥቷል። «ያ ቢጫ ከኛ ሱቅ የወጣ ነው።»

«ከዚህ ሆነው በምን አወቁት?»

«እኔ የቀደድኩትን አላውቅም?»

«መንገዱን ይዩ፣ አባዬ!»

ሐጂ ሳቁና አዞሩ። ጉሙ መስታወቱን ላሰው፤ እሳቸውም መዳፋቸውን ከፈቱ።