ቦርሳ የተቀመጠበት ወንበር

"ቲቸር፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ እንጂ! የወረቀት ማስረከቢያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋብናል!"

ኤነሌሲ ቀና ሳትል ማኅተሟን አሳረፈች። ቀጣይ። አሳረፈች። ሰልፉ ከጽሑፍ መርጃ ክፍሉ አልፎ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ደርሷል። "በጽሑፍ መርጃ ክፍል ታይቷል" የሚል ማኅተም የሌለው ወረቀት አምስት ማርክ ይቀነስበታል ከተባለ ወዲህ፣ የዞምባ ከተማው ኮሌጅ ተማሪ ሁሉ የእሷ ደጅ ጠኚ ሆኗል። ድሮ በቀን ሦስት ቢመጡ ነው፤ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ረቂቃቸውን ያነቡላት፣ አብረዋት ይሰርዙ ይደልዙ ነበር። አሁን በቀን መቶ ሰው ይመጣል፤ የሚያጫውታት አንድ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ቤትም ንሲማዋን፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ የምትበላው ብቻዋን ነው። ብቸኝነቱ ጠንቶባታል።

የማኅተሙ ቀለም አለቀ። አንዷ ተማሪ ከጽሕፈት ቤት ልታመጣ ሮጠች። ኤነሌሲ እጇ ሥራ ሲፈታ ዓይኗ ፊቷ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። ስለ ሐይቁ ዓሣ መመናመን የተጻፈ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ መረብ እያወራ ድንገት እንዲህ ይላል፦ እዚህ ድረስ ካነበቡ እባክዎ ይጥሩኝ።

"ሊምባኒ ማነው?" አለች፣ ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ስም አንብባ።

ጥግ ላይ የቆመ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣና ቀረበ።

"ይሄ ምንድነው የጻፍከው?"

"ሰባተኛዬ ነው፣ ቲቸር። በየወረቀቱ እጽፋለሁ። መጀመሪያው ላይ 'መደምደሚያ እንዴት እንደሚጻፍ አልገባኝም' ብዬ ነበር። ማኅተም መቱልኝ።"

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። "ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አትጠይቀኝም?"

"ወንበሩ ላይ ሁሌ ቦርሳ አለ።"

ዞር ብላ አየችው። እውነቱን ነው፤ የተማሪ መቀመጫው በተሰላፊዎቹ ቦርሳ ክምር ተውጧል። መቼ እንደተጀመረ እንኳ አታስታውስም።

ቀለሙ መጣ። "ቲቸር፣ ይምቱልን በቃ!"

ኤነሌሲ ማኅተሙን አንስታ ቀለም ላመጣችው ልጅ አቀበለቻት። "እናንተው ምቱት።"

"እኛ? ዲኑ ቢሰማስ?"

"ይስማ። እኔስ ከዚህ የተለየ ምን ስሠራ ነበር?"

ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ አወረደች። ወንበሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

"ተቀመጥ። ታርመው የተመለሱልህን ስድስቱንም ይዘሃቸዋል?"

ሊምባኒ ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ያስቀመጣቸውን ወረቀቶች አወጣ።

"ከመጀመሪያው ጀምር" አለችው። "ጮክ ብለህ አንብብልኝ።"