የኅዳር ቀጠሮ

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዱሺክ የእናቱን የተራራ ጫማ ከፌስታል አውጥቶ ፎቶግራፏ ፊት፣ ከነጮቹ አበቦች መሃል አስቀመጠው። ጫማው አዲስ ነው። ሶሉ አፈር ነክቶ አያውቅም።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ታናሽ እህቱ ሶራን።

«ሰው ይየው። በኅዳር ጂሪሳን ተራራ ላወጣት እንደነበር ይወቅ።»

ሶራን ጥርሷን ነከሰች። በጂንጁ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው የለቅሶ አዳራሽ፣ የበኩር ልጅ ያለው ያለቀ ነው። ክንዱ ላይ የታሰረው ባለመስመር ጨርቅ የሐዘኑ አለቃ እሱ መሆኑን ይናገራል። ሴት ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ነጭ ሪባን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ ለእንግዳ ቀይ ሾርባ ታቀርባለች።

እንግዶች በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ፤ ፎቶው ፊት ሁለት ጊዜ ሰገዱ። ዱሺክም የያንዳንዱን እጅ ይዞ ያንኑ ይደግማል። «ተራራው ላይ ካለው መጠለያ አድረን፣ ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ልንሆን ነበር። ምን ያደርጋል፣ አልጠበቀችኝም።»

አልጠበቀችኝም አለ። አራት ዓመት የጠበቀችውን ሴት!

እናታቸው ቡንሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ ዚፕ ስትቀይር ኖራለች። ተራራ ወጪዎቹ የተቀደደ ጃኬት፣ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ይዘውላት ይመጣሉ። እየሰፋች ትጠይቃቸዋለች፤ ውሃው የት ነው? ጉም ይበዛል? የቱ ዳገት ነው የሚያስለቅሰው? እሷ ግን የተራራውን ሥር እንኳ ረግጣ አታውቅም። ዱሺክ «እኔ አወጣሻለሁ» ያላት ማግስት ጫማ ገዛች። ቤት ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋ፣ እሱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ታለሳልሰው ነበር።

በየዓመቱ በመስከረም ከሴኡል ይደውላል።

«እማዬ፣ አሁን ሥራ ወጥሮኛል። በኅዳር ይቀለኛል።»

«በኅዳር ጥሩ ነው ልጄ። ብርዱም ያን ያህል አይከፋም።»

ስልኩ ሲዘጋ ሶራን ትነድዳለች። «በኅዳር ደኑ እሳት እንዳይነሳበት መንገዱ ይዘጋል እኮ እማዬ! አልሰማሽም?»

«ካንቺ በፊት ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው እኔ ልውሰድሽ። ነገ እንሂድ።»

«ሦስት ሆነን ነው ያልነው።»

«ታዲያ ንገሪው፣ ሌላ ወር ይፈልግ!»

ቡንሬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ቢያጣስ?» አለች።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ የዱሺክ የሥራ አለቃ ከሴኡል መጣ። ታሪኩን ሰምቶ ዓይኑን ጠረገ። «እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል!» አለና ጫማውን በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ከቡንሬ ሱቅ ጎን ኪያር የሚሸጡት እትዬ ማልሱን ሶራንን ጎሸም አደረጓት። «ኅዳር ነው ያለው ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«ጆሮዎ ደህና ነው እትዬ።»

«ኅዳር ተራራው ዝግ አይደል እንዴ! የሰፈሩ ውሻ እንኳ ያውቃል።»

ሶራን የሾርባውን ትሪ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ኅዳር ስንት ቀን ነበር?»

«ምኑ?»

«ልትወጡ የነበረው።»

«እ... ወደ አሥር ገደማ።»

«መንገዱ ኅዳር ስድስት ይዘጋል። በየዓመቱ። እስከ ታኅሣሥ ማንም አያልፍም።»

ማንኪያዎች ቆሙ። አለቃው ስልኩን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ በምን አውቄ? ለምን አልነገረችኝም?»

«ስልክህ ላይ አንዴ ብታይ ይነግርህ ነበር። በአራት ዓመት አንዴ!»

«ሶራን፣ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት የጀመርከው አንተ ነህ። እሷ ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው እሺ ያለችህ። ሌላ ወር ካጣህላት ምን እንደሚውጣት ፈርታ።»

ዱሺክ ወደ አለቃው ዞረ። ክንዱ ላይ ያለው ጨርቅ ተንሸራቶ ክርኑ ላይ ደረሰ።

«በል ሾርባህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አሉት እትዬ ማልሱን።

ሶራን ጫማውን ከአበቦቹ መሃል አንስታ ወደ በሩ ሄደች። የእንግዶቹን ጫማ ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ከፈተችና የእናቷን ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ አቆመችው። ከዚያ ተንበረከከችና፣ እግር እንዲገባበት ያህል፣ ማሰሪያውን አላላችው።

በየካቲት ዳግም የተዘጋው መንገድ በሚያዝያ መጨረሻ ሲከፈት፣ ሶራንና እትዬ ማልሱን ኪያር ይዘው ጫፉ ላይ ወጡ። ዱሺክ ስብሰባ ነበረበት።