ጥላ የጠፋበት ቅዳሜ

"ዱላ ተክላችሁ ዙሪያውን ትሮጣላችሁ አሉ" አሉኝ ጋሽ ገሰሰ። "ለዚህ ደግሞ ቤት ምን ያደርግላችኋል?"

ጋሽ ገሰሰ የካ አባዶ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ቤት ያሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስራ ሁለት ልጆች ሰብስቤ ሳይንስና ታሪክ የማስተምርበትን የጋራ መገልገያ ክፍል ነው። ኮሚቴው የዕቃ ማከማቻ ሊያደርገው አስቧል። እኔ ቦሌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ከክርክር ይልቅ በዓይን የሚታይ ነገር እመርጣለሁ።

"ሚያዝያ አምስት ቅዳሜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይህ ዱላ ጥላ አይኖረውም" አልኳቸው። "ጥላ ካለው ቁልፉን አስረክባለሁ።"

"ሰው ባለበት?"

"ሰው ባለበት።"

ይህን ያህል ያስተማመኑኝ ልጆቹ ናቸው። ከመጋቢት ሰባት ጀምሮ በየቅዳሜው አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ግቢው መሀል ያቆማሉ። ቀጥ ማለቱን ጫፉ ላይ ድንጋይ በታሰረበት ክር ያረጋግጣሉ። ከዚያ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት፣ በየአምስት ደቂቃው ጥላውን እየለኩ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አጭሩ ጥላ አስራ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነበር። በሁለተኛው አስራ አራት፣ በሦስተኛው ዘጠኝ፣ በአራተኛው አራት ሆነ። የሰባት ዓመቱ አብኔዘር ቁጥሮቹን አይቶ "በየሳምንቱ አምስት አምስት ይበላል! በሚቀጥለው ያልቃል!" ብሎ ግቢውን በጩኸት ሞላው።

መዝገቡን የምትይዘው ራህማ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን የእጅ ሰዓት ስለሚሰፋት እስከ ክርኗ ገፍታ ታስረዋለች። አጭሩ ጥላ የታየበትን ሰዓት አንዴ ስድስት ተኩል፣ አንዴ ስድስት ከሃያ አምስት እያለች ጽፋ አገኘሁ። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ስድስት ሰዓት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ "ሰዓትሽ ይቀድማል፤ አስተካክይው" ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ክሊኒክ ውስጥ አንድ መሣሪያ ያልጠበቅሁት ቁጥር ቢሰጠኝ በሌላ ሳላመሳክር አልፈርድበትም። የልጅቷን ሰዓት ግን ከስልኬ ጋር እንኳ ሳላስተያይ ፈረድኩበት።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ሌላው ከየበረንዳው ያያል። ራህማ ባለፈው ረቡዕ ለኢድ የተገዛላትን ቀሚስ ለብሳለች። ስልኬ ስድስት ሰዓት ሲል ሁላችንም ወደ ዱላው አጎነበስን።

"ቲቸር፣ ጥላው አለ" አለ አብኔዘር።

"አያለሁ።"

"አስራ አንድ ሳንቲም ነው!"

"ኧረ እንዲያውም ወፍሯል!" አለ አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ገሰሰ አልሳቁም። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። "እንግዲህ የሺመቤት፣ ስድስት ሰዓት ነው ያልሽው።"

"ልክ ነዎት" ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።

"ገና እኮ ነው" አለች ራህማ።

"ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ራህማ።"

"አውቃለሁ። የኔም ስድስት ይላል።" ክንዷን ከስልኬ አጠገብ አደረገችው። በደቂቃ እንኳ አይለያዩም። "አባዬ ሁልጊዜ በስልኩ ነው የሚያስተካክለው። ጥላው የሚያልቀው ስድስት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ጽፌው ነበር፤ በቀይ ተሰመረበት እንጂ።"

ወደ ሰዉ ዞርኩ። "ስህተቱ የኔ ነው" አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። "እሷ በትክክል ለክታለች። ያላመንኳት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ገሰሰ ወደ ራህማ ዞሩ። "አንቺ እርግጠኛ ነሽ?"

"አራት ቅዳሜ ለክቻለሁ። እርስዎ ስንት ጊዜ ለኩ?"

አሁን ሰው የሳቀው በሊቀመንበሩ ነበር። እሳቸውም ፈገግታቸውን መያዝ አቅቷቸው ቁልፉን ጨብጠው ቆሙ።

ስድስት ከአስር ላይ ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል። ስድስት ከሃያ ላይ ሁለት። ራህማ እየለካች ቁጥሩን ቀስ ብላ ትናገራለች፣ አብኔዘር ለበረንዳዎቹ ይጮኻል። ፎቅ ላይ የነበሩት በደረጃው ወረዱ። ስድስት ከሃያ አምስት ሲሆን ራህማ ዱላውን ዞረችው፣ በአራቱም በኩል ማስመሪያዋን አስጠግታ አየች።

"የለም" አለች።

ከጎኔ የነበረች ሴት የውሃ ጠርሙሷን መሬት ላይ አቆመች፤ ጥላ የለውም። የጥበቃው መጥረጊያም የለውም። ጋሽ ገሰሰ በቦታቸው ዞር ዞር ብለው የራሳቸውን ፈለጉ፤ ጫማቸው ሥር ተሰብስቦ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የደም ናሙና ስመረምር ትክክለኛ ውጤት ብዙ አይቻለሁ፤ በአንዱም እንደዚያ ቀን አልኮራሁም።

"ለምን ስድስት ሰዓት ላይ አልሆነም?" አሉ ጋሽ ገሰሰ።

"እሱን ገና አልለካንም" አለች ራህማ።

እኔም አሁን ገና ነበር የገባኝ። ፀሐይ የምትመጣው ከምሥራቅ ነው፤ ሶማሌ ክልል ያለችው የዋርዴር ከተማ አናት ላይ ደርሳ እኛ ጋ እስክትመጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። የአገሩ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው፣ የሚስማማውም ከዋርዴር አካባቢ ቀትር ጋር ነው። ይህን አፈር ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ጋሽ ገሰሰ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቁልፉን መለሱ፤ የመለሱት ግን ለኔ ሳይሆን ለራህማ ነው።

"ዕቃው ሌላ ቦታ ይፈለግለታል" አሉ ለኮሚቴው አባላት። ቀጥለውም ለልጆቹ፣ "እኛ አገር በጾም ጊዜ ደብተራው ጥላውን በእግሩ ለክቶ ነበር የመብያ ሰዓት የሚነግረን" አሏቸው።

"በጫማ ነው በባዶ እግር?" አለ አብኔዘር።

"በባዶ እግር ነው እንጂ!"

"እግሩ ስንት ሳንቲም ነበር?" አለች ራህማ።

ጋሽ ገሰሰ አሰቡ። "አልጠየቅሁትም" አሉና የጫማቸውን ማሰሪያ ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። "በይ የኔን ለኪ።"