ሆዮ አያማትም

እናቴ፣ ሆዮ የምንላት፣ አንጀቷ ተጠምዝዞ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደረገች። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሄደ። አሁን የሚገድላት ህመሙ ነው።

ስለሚያማት አትስልም። ስለማትስል አክታው ደረቷ ላይ ይጠራቀማል። ዶክተሩ ትናንት ኮሪደር ላይ ያዘኝና «ካልሳለችና ካልተነሳች ሳንባዋ ይመታል፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ…» አለኝ። አልጨረሰውም። ገብቶኛል።

ማስታገሻው አለ። ችግሩ እሷ ናት። እሷና ጠያቂዎቿ። የሰፈራችን የከዚራ ግማሽ፣ የገጠሩ የዋሂል ግማሽ አልጋዋን ከቦ ዱዓ ያደርጋል፣ ሻይ ይጠጣል። ነርሷ ዲና የምትመጣው ደግሞ ሁሌ እነሱ እያሉ ነው።

«እማማ በድሪያ፣ ያምሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትይዋለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ ልጄ። አንቺ ግን አግብተሻል?»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። አጎቴ ጉሌድ ቴርሞሱን እንደያዘ «እህቴ እኮ ብረት ናት! ዘጠኝ ስትወልድ ጎረቤት ድምጿን አልሰማም» አለ።

ሆዮ ፈገግ አለች። ከአንሶላው ስር ግን ጣቴን ጨምቃ ይዛለች። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

«ዲና፣ ውሸቷን ነው» አልኩ።

«ኢፍራህ፣ የታመመችው እሷ ናት እንጂ አንቺ አይደለሽም። ትልቅ ሰው ላይ ጠንካራ መርፌ ዝም ብዬ አልወጋም። ትፈዛለች፣ ትንፋሿም ሊቀንስ ይችላል። ራሷ ትንገረኝ።»

ወጣች። ልክ ናት። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

«ውጡ» አልኩ።

«ምን?» አለ ጉሌድ።

«ሁላችሁም። ውጡልኝ።»

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ከዋሂል ድረስ መጥተን?»

«አብቲ» አልኩት አጎቴን፣ «ቴርሞሱንም ይዘህ ውጣ።»

እኛ ጋ ጠያቂ አይባረርም። ከተማው ሙሉ ያወራል። ያውራ። የመጨረሻዋን ሴትዮ ትከሻዋን ገፋ አድርጌ በሩን ዘጋሁ።

ሆዮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አዋረድሽኝ።»

«እሺ። ያምሻል?»

«ወንድሜ ፊት…»

«ወንድምሽ ወጥቷል። ያምሻል ወይ ነው የምልሽ?»

ሳል መጣባት፣ መሃል ላይ ዋጠችው። አንሶላውን ነከሰች። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል፣ ከቆምኩበት ይሰማል።

«ቢላ ነው» አለች። «ስዞር ቢላ፣ ስተነፍስ ቢላ። ሌሊት አላህ እንዲወስደኝ ለመንኩት። ሀራም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለመንኩት።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ትጮሂያለሽ።»

«ለዲና ትነግሪያታለሽ?»

ከግድግዳው ዞራ በሩን አየች።

«ሆዮ! ትነግሪያታለሽ?»

«በሩን መልሰሽ ከዘጋሽው።»

ወጣሁ። ዘመዶቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው አፈጠጡብኝ። በመሃላቸው አልፌ ሄድኩና ዲናን ከሌላ በሽተኛ አልጋ አጠገብ በእጇ ጎትቼ አመጣኋት።