የአሬራው ልክ

«ሌላውን ለእኛ ተይው፤ አይቡን ግን አንቺው ነሽ የምትሠሪው» አለች አገርነሽ፣ አሬራ የሞላ ገንቦ ከጎረቤቷ ፊት እያስቀመጠች።

የብርጓል ከመደቡ ላይ ቀና አለች። ባሏን መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን የቀበረችው ትናንት ነው። ነገ ሠልስት ነው፤ የመሪጌታ መምህር የኔታ መርስዔ ኀዘን ከዘጌ በጀልባ ይመጣሉ። እኒያ ሽማግሌ ደግሞ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይብ አይቀምሱም።

«ምን አቅም አለኝ ብለሽ ነው፣ አገርዬ?»

«ውይ! በመሪጌታ ሠልስትማ የሌላ ሰው አይብ አይቀርብም። እጅሽ እኮ ነው የተመሰገነው!»

የብርጓል ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅ ሳለች ምድጃ ላይ ወድቃ የተቃጠሉ ጣቶች ናቸው። ጠባሳውን ባሕር ዳር ሁሉ ያያል። ሙቀትና ቅዝቃዜ እንደማይለዩ ግን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አፈር ለበሱ።

ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ይገባል፣ ይወጣል። ከጣና የሚመጣው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ያነሣል፣ ይጥላል። የብርጓል እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ነበረች፤ ሐይቁ ቀስ ብሎ ደጃፉን አልፎ የገባ፣ ሰዉም በውኃው ላይ ተቀምጦ የሚያንሾካሹክ መሰላት።

የድሮው ትዝ አላት፤ በተጋቡ በዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው አይቧ ሙቀት በዝቶበት እንደ ጎማ ተለጠጠ፤ ሁለተኛው ጨርሶ አልረጋ አለ። ማጀት ተደፍታ ስታለቅስ መሪጌታ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ።

«ኧረ ይውጡ! መሪጌታ ማጀት ገቡ ብሎ አገር ይስቅብናል!»

«በሩን ዘግቼዋለሁ። ማን አይቶ ይስቃል?»

በርጩማ ስበው ከጎኗ ተቀመጡ፤ ጣታቸውንም አሬራው ውስጥ ነከሩ።

«ሞቋል» አሉ።

«ምን ያህል?»

ቅኔ የሚዘርፉት ሰውዬ ቃል አጡ። እርጥብ ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉት።

«ይህን ያህል።»

«ገና ነው» አለች፣ ሳቋ እያመለጣት። ፍሙን ወደ ድስቱ ሥር ገፋ አደረጉ፤ ቆይተው ነከሩ፤ ጉንጯን ነኩ።

«አሁንስ?»

«ይበቃል፤ ያውርዱት።»

ከዚያ ወዲህ አይብ በሚሠራበት ቀን የማጀቱ በር ይዘጋል። ቀበሌው በስብሰባ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲሰብክ ደግሞ መሪጌታ ከኋላ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይስቁ ነበር። የብርጓል ግን ሰው ባመሰገናት ቁጥር ታፍራለች። አይቡ የእሳቸው ነው ብላ ታምን ነበራ!

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሰዉ መነሣት ሲጀምር ማጀት ገባች። አሬራውን ድስት ውስጥ ገልብጣ ፍም ላይ ጣደችው። ጣቷን ነከረች። ምንም አልተሰማትም። ወደ ጉንጯ ወሰደችው፤ ወዲያው መነጨቀችው። ትናንት ከመቃብሩ አፍ ላይ ሁለቱንም ጉንጮቿን በጥፍሯ ነጭታቸዋለች፤ አሬራው ቁስሉን እንደ ሚጥሚጣ ለበለበው።

«እኔን ብሎ ሐዘንተኛ!» አለች። «ያለኝን አንድ መለኪያ በገዛ ጥፍሬ ነጨሁት!»

«የብርጓል፣ ደረሰ ወይ?» አለች አገርነሽ ከበሩ ውጭ።

አልችልበትም፤ የሚሠሩትስ እሳቸው ነበሩ፣ ልትል አፏን ከፈተች። በሠልስታቸው መሳቂያ ላደርጋቸው ነው? መልሳ ዘጋችው።

«ቆይ፣ አገርዬ። አይብ በጥድፊያ አይሆንም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን ነክራ ቁስሉ ላይ አሳረፈችው። ለበለባት፤ አላነሣችውም። ማቃጠሉ ሲበርድላት ከሥሩ የምታውቀው ሙቀት መጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የጎደለው። ገና ነው። ይህንን ማንም አልነገራት። ለካ እሳቸው ይነክሩ ነበር እንጂ ልኩን የምታውቀው እሷ ነበረች። እንዴት ናፈቋት! እዚያው እንባዋን ለቀቀችው።

ፍሙን ገፋ አደረገች። ቆይታ ነከረች፤ ጉንጯን ነካች።

«ይበቃል» አለች ከጎኗ ላለው ባዶ በርጩማ። «ያውርዱት።»

ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ጨርቅ አንሥታ ድስቱን ራሷ አወረደችው።