የአራት ሰዓት ተኩል መንገድ

ቄስ ወልደ ሰንበት የልጃቸውን የሥርጉትን አስከሬን ከቦሌ ተቀብለው ወደ አንኮበር እየተመለሱ ደብረ ብርሃን ደረሱ። ሥርጉት ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመት ቆይታ፣ እዚያው ታማ ነው ያረፈችው። ከተማውን ሲያልፉ ከጎናቸው የተቀመጠውን ታላቅ ወንድሟን ዘሥላሴን፣ «አውሮፕላኑ ከዚያ እዚህ ስንት ቀን ፈጀበት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ቀን እንኳ አይፈጅም፣ አባባ። አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት ነው።»

ቄሱ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ደብረ ብርሃን በእግር ሲመጡ ቀኑን ሙሉ ይጓዙ ነበር። ሥርጉት በየዓመቱ «ለፋሲካ ልምጣ?» ስትላቸው፣ «መንገዱ ብዙ ነው፤ አትንገላቺ» እያሉ የከለከሏት እሳቸው ናቸው።

«እኔ እኮ» አሉ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ «ሩቅ መስሎኝ ነው።»