ዱሬቲ ማለት

«ስሟን ድገሚልኝ» አለ የቀበሌው ጸሐፊ ገሠሠ። ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ አቁሞታል።

«ዱሬቲ። ዱሬቲ ፈዬራ።»

ማኅተሙ አልወረደም። ዘውድነሽ የልጇን እጅ ጠበቅ አደረገች። የፈለገችው ልጅቷ የቀበሌው ነዋሪ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ነው። ያ ከሌለ ትምህርት ቤቱ አይመዘግባትም፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።

«ምን ማለት ነው?»

ዘውድነሽ ልጇን ቁልቁል አየቻት። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ጠዋት ማታ የምትጠራውን ስም ትርጉሙን አታውቅም። ከቡልጋ ወንጂ ወርዳ ከአገዳ ቆራጩ ፈዬራ ጋር ጎጆ ስትወጣ፣ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር። ስሙን ያወጣው እሱ ነው። ትርጉሙን ስትጠይቀው ስቆ፣ «እናትሽ ዘውድነሽ ሲሉሽ ራስሽ ላይ ምን ነበረ?» ነበር ያላት። ቀልድ መስሏት ተወችው። አሁን እንዳትጠይቀው ወደ ምሥራቅ ግንባር ከዘመተ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። እሷም ልጇን ይዛ ናዝሬት ገብታለች።

«የአባቷ ቋንቋ ነው» አለች።

«እሱንማ ሰማሁ።» ገሠሠ ወደ በሩ ዞረ። የቀበሌው ጥበቃ ሽማግሌው ባጫ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። «ኦቦ ባጫ፣ ዱሬቲ ምን ማለት ነው?»

«ዱሬሳ ወንዱ፣ ዱሬቲ ሴቷ። ሀብታም ማለት ነው።» የገሠሠን ፊት ሲያዩ ግን ፈጠን ብለው ያርሙ ጀመር። «ሀብታም ስልህ የገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ከብት ያላት። ከብትም ባይኖር ሰው ያላት። ጥጋብ ይዛ የምትመጣ እንደማለት… እንግዲህ እንደ አጠራሩ ነው።»

«እንዴት እንደ አጠራሩ?»

«በአማርኛ ሲሆንማ ልጆቹ ዱርዬ ነው የሚሏት። እኔ ምን ላድርግ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። እውነት ነው። ቦኖ ውሃው ጋ በሄደች ቁጥር የሰፈር ልጆች «ዱርዬ መጣች» እያሉ ከወረፋው ያስወጧታል። «እማዬ፣ ስሜን ቀይሪልኝ» ካለች ሰንብታለች፤ ዘውድነሽም እሺ ልትላት ምንም አልቀራትም።

ገሠሠ ማኅተሙን አስቀመጠ። ፊቱ የቆመው አንድ ሰው ቢሆንም ለአንድ አዳራሽ ሕዝብ የሚናገር ሰው ነው።

«ሰፊው ሕዝብ ከበርቴን እየታገለ፣ እኔ ከበርቴ የምትባል ልጅ ላይ የሕዝብ ማኅተም ላሳርፍ? የበላያችን ከፍተኛው ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ? አብዮት እንበላት። ወይም ትግል። አሁኑኑ ጽፌ እሰጥሻለሁ።»

«ሀብታም የሚሉት ይቺን ነው?» አለች ዘውድነሽ።

ሁሉም የልጅቷን እግር አዩ። አንደኛው የኮንጎ ጫማዋ በሽቦ ተጠግኗል።

«ቁም ነገሩ የስሙ መልእክት ነው» አለ ገሠሠ።

«ከተማውም እኮ ሁለት ስም አለው» አሉ ባጫ፣ ለጠመንጃቸው እንደሚያወሩ አጎንብሰው። «አንዱ ናዝሬት ይላል፣ አንዱ አዳማ ይላል። አውቶቡሱ ግን መንገድ ስቶ አያውቅም።»

«ኦቦ ባጫ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁ።»

ዘውድነሽ ግራ ገባት። ሀብታም፣ ባለ ሰው፣ ጥጋብ፣ ዱርዬ፣ ከበርቴ፤ ከዚህ ሁሉ ልጇ የትኛዋ ናት? አብዮት ብትባል የሚሰድባት አይኖርም፤ ትምህርትም ትገባለች። ግን ፈዬራ ቆስሎ በተመለሰ ጓደኛው በኩል የላከው ቃል «ዱሬቲ ፊደል ቆጠረች ወይ?» የሚል ነበር። ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማን ብሎ ይጣራ?

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ልጇን።

ልጅቷ እሷን አልሰማቻትም። ባጫን ነው የምታየው።

«ሀብታም ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ያ ኢንተለ ኮ፤ አዎ ልጄ።»

«ዱርዬ አይደለም?»

«አይደለም።»

ልጅቷ በሽቦ የተጠገነውን ጫማዋን እያየች ብቻዋን ሳቀች። የአባቷ ሳቅ ነው። ያን ጊዜ ዘውድነሽ የፈዬራ ነገር ዞሮ ገባት። ቀልድ አልነበረም፤ መልስ ነበር። እናቷ ቡልጋ ላይ ዘውድነሽ ሲሏት ጀርባዋ ላይ እንስራ እንጂ ራሷ ላይ ምንም አልነበረም። ቢሆንም ብለዋታል።

«ጓድ ገሠሠ፣ የኔን ስም ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም፣ በየእሑዱ ለጽዳት የምጠራሽ እኔ አይደለሁ? ዘውድ…» ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ዘውዱ ከወረደ ስንት ጊዜው ነው?»

ገሠሠ ደጁን ገልመጥ አደረገ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

«ከፍተኛው ከጠየቀዎት ስም አርሜያለሁ ይበሉ። የልጄን ይተዉልኝና የኔን ያርሙ። ዘውዱን ይሰርዙት።»

«ዘውዱን ሰርዤ ምን ልጻፍ?»

«የቀረውን።»

ገሠሠ ብዕሩን አነሳ። ከመጻፉ በፊት የቀረውን በአፉ ሞከረው።

«ነሽ?»

«ነኝ» አለች፣ የዱሬቲን ወረቀት ወደ ማኅተሙ እየገፋች።